ሁለተኛው «እሳቸው»

ይህን ትዝታ ከመጻፌ በፊት በምን ላይ ተመሥርቼ እንደምጽፍ መግለጽ ይገባኛል። የመጀመሪያው ምንጬ የራሴ ማስታወስ ነው፤ እሱም እየደከመ መሄዱን አልክድም። ሌላው ባለቤቴ በተለያየ ጊዜ የነገረችኝ ነው። እሷ በተደሰተችበት ቀን ታሪኩ ያጥራል፣ በተቀየመችኝ ቀን ይረዝማል፤ የትኛው ለእውነቱ እንደሚቀርብ እስካሁን አልለየሁም። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችንም የጨመረችልኝ ነገር አለ። እሷ የምትነግረኝን ሁሉ ግማሹን ቀንሼ ነው የምቀበለው፤ አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተውን ግማሽ የምቀንስ ይመስለኛል። ከዚህም በላይ የግራ ጆሮዬ ከጡረታ ወዲህ እንደ ድሮው አይሰማም። በበርና በግድግዳ በኩል ሰማሁ የምለው ሁሉ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ የተሰማ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለዚህ ያየሁትን አየሁ፣ የገመትሁትን ገመትሁ እያልሁ ለመለየት እሞክራለሁ። የማልጠራጠርበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም መቅናቴ ነው። ቅናት እንደ ሌላው ትዝታ አይደበዝዝም፤ ቦታውንም፣ የዕለቱን አየርም፣ ሰውየው የለበሰውንም ሳይቀር ይዞ ይቆያል። የለበሰውን ስል ግን ራሴን ማረም አለብኝ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በወጣትነቴ ዲማ አካባቢ ቅኔ ተምሬአለሁ። ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞሬ፣ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በሰፈራችን ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚወጣውን ስስ ወረቀት የማነበው እኔ ነበርሁ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ሴቶቹ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው «የኔታ አሉ?» ይላሉ። የኔታ የሚሉኝ በቅኔው ምክንያት ነው፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም መነጽሬን አድርጌ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዘርግቼ፣ የሚያስፈልገውን እየመረጥሁ ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ። ይህን ከወተት ጋር አትውሰጂ፤ ያኛውን ተሻለኝ ብለሽ አታቋርጪ፤ እርጉዝ ከሆንሽ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እንዳትነኪው። አመስግነውኝ፣ ወረቀቱን መልሰው አጣጥፈው ይሄዳሉ። አንዳንዷ በሩን ይዛ ጥቂት ትቆማለች። ሌላ ነገር ትጠይቀኝ እንደሆነ ስጠብቃት «ይበርቱልን» ብላ ትወጣለች። ይህ ሥራ ከማስተማሩ ይበልጥ ያስደስተኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የባለቤቴን ወረቀት ግን ከሁሉ አብልጬ በጥንቃቄ አነብ ነበር። ባለቤቴ የቁይ ልጅ ናት። እናቷ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ እሷም እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነኝ፤ በሌለሁበት «እሳቸው» ነኝ። እሳቸው አልበሉም፤ እሳቸው ተኝተዋል፤ እሳቸው ሲመጡ ይጠየቃሉ። እሳቸው ማለት ማን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ እንግዳ ትዝ አይለኝም። በሰዋስው ትምህርት ተውላጠ ስም የምንለው ቃል በእኛ ቤት የተጸውዖ ስም ሆኖ ኖሯል፤ ባለቤቱም እኔ ብቻ ነበርሁ።

የደም ግፊት እንዳለባት በታወቀ ጊዜ ሐኪሙ አንድ ክኒን አዘዘላት። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃና ጨው በሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ነው። «ጠዋት ጠዋት» አላት። ወረቀቱን አነበብሁላት። የጾሙ ነገር እንደሚያስጨንቃት ስለማውቅ፣ ለሕመምተኛ የተፈቀደ መሆኑን አስረዳኋት፤ የንስሐ አባቷም ይህንኑ አጸኑላት። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን በየማለዳው በመዳፏ የማስቀምጠው እኔ ሆንሁ። አስቀምጬላት ዞር ብዬ ውኃ እቀዳለሁ።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥሁ።»

ይህ ንግግር እንደ ጸሎታችን ሆኖ ነበር። ግፊቷ ግን አልወረደም። በተለካ ቁጥር ሐኪሙ ግንባሩን ይቋጥራል። አንድ ቀን «መድኃኒቱ ብቻውን አልቻለውም መሰለኝ፤ በሚቀጥለው ካልቀነሰ ሌላ እንጨምራለን» አለን። ባለቤቴ በመንገድ ሁሉ ከፊቴ ፈጥና ሄደች። የምታስበውን አውቅ ነበር። እናቷ ከቁይ ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ፣ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት፣ ልጇን በስሟ መጥራት አቅቷት ነው የሞተችው። ባለቤቴ ያን ጊዜ አጠገቧ ነበረች። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነበር። አንድ ማለዳ «ዋጥሽ?» ስላት መልስ የምትሰጥበት አንደበት ታጣለች ብዬ እፈራ ነበር።

ሁለተኛው «እሳቸው» ወደ ቤታችን የገባው በዚህ መካከል ነው። ወሩን በእርግጥ አላስታውስም፤ ክረምቱ እንዳልወጣ ግን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ባለቤቴ ጫማዋን ከበር ውጭ አውልቃ ጭቃውን ስታራግፍ ትታየኛለች። ከጤና ጣቢያ መመለሷ ነበር። ነጠላዋን እያጣጠፈች እንዲህ አለች፦

«ጨው ቀንሺ ሲባል ወጡ ላይ ብቻ አይደለም አሉ እኮ እሳቸው። በርበሬው ሲደለዝም ጨው ይገባበታል አሉ።»

ቀና አልሁ። መቼ እንዲህ እንዳልሁ ለማስታወስ ሞከርሁ። የተናገርሁትን መርሳት ጀምሬ ስለነበር መጠራጠር የነበረብኝ ራሴን ነው።

«መቼ አልሁ?»

«እርስዎማ አላሉም፤ እሳቸው ናቸው ያሉት።»

«እሳቸው ማን?»

«የመድኃኒት ክፍሉ ናቸዋ!» አለችኝ፤ የማያውቅ ሰው መኖሩ እንዳስገረማት ሁሉ።

ነገሩን ቀስ በቀስ ተረዳሁት። ጤና ጣቢያው አዲስ የመድኃኒት ባለሙያ መጥቶለታል። ባለሙያው ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሴቶችን ሰብስበው፣ የያዙትን መድኃኒት አንድ በአንድ እያነሡ፣ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደሚዋጥ፣ ሲረሳ ምን እንደሚደረግ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ ይነግሯቸዋል። ሥራው በጎ ነው፤ ይህን ያን ጊዜም አልካድሁም። ያልወደድሁት በቤቴ ውስጥ ያለው አነጋገር መለወጡን ነው። «እሳቸው ጎመኑን አትፍሪው ብለውኛል።» «እሳቸው የጎረቤት ክኒን አትዋዋሱ አሉ።» «እሳቸው ግፊት ሲለኩ አያስደነግጡም፤ እጃቸው ቀስ ያለ ነው።»

እጃቸው ቀስ ያለ ነው! ይህችን ዓረፍተ ነገር እራት ላይ ነው የተናገረችው። የጎረስሁትን ስውጥ እንዳነቀኝ አስታውሳለሁ፤ እሷ ግን ሳል ነው ብላ ውኃ አቀበለችኝ።

ሰውየውን በሐሳቤ ሠራሁት። ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ ገና ያልሸበተ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ፣ ከሌላ አገር የመጣና የሴት ልብ የሚያውቅ ሰው አደረግሁት። አንድ ቀን ባለቤቴ የክኒኑን ካርቶን አሳየችኝ። ማንበብ ለማይችሉት እንዲገባቸው ባለሙያው የጠዋቱ ላይ ፀሐይ፣ የማታው ላይ ጨረቃ ይስሉ ነበር። የባለቤቴ ካርቶን ላይ የተሳለችው ፀሐይ ዓይንና አፍ ነበራት፤ ፈገግ ብላለች። ባለቤቴ ማንበብ ትችላለች፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ታዲያ ማንበብ ለምትችል ባለትዳር ፈገግ ያለች ፀሐይ የሚስል ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህን ጥያቄ ለማንም አላነሣሁትም፤ ካርቶኑን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥሁት። በማግስቱ ፀሐይዋ ወደ እኛ ዞራ ቆየችኝ።

ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«የኔታ፣ ባለቤትዎ ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነው የምትሄደው?»

«ጤና ጣቢያ ነዋ። አንቺስ አብረሻት አይደል የምትሄጂው?»

«እኔማ እሄዳለሁ። ግን ቅቤ ተቀብቼ አልሄድም!»

«ለመሆኑ ሰውየው እንዴት ያሉ ናቸው?» አልሁ፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው ሆኜ።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «እሳቸው?» አለች። «እሳቸውማ ሲናገሩ ማር ናቸው። አንዴ የሰማቸው ሌላ ሰው አይሰማም።» ይህን ብላ ወደ ቤቷ ገባች፤ ስትስቅ ሰማኋት። ዛሬ ስጠይቃት ሆን ብላ እንዳደረገችው ትምላለች። ባለቤቴ ግን ጎረቤታችን እንዲህ ልትል አትችልም ባይ ናት። የሁለቱን ቃል ላስታርቀው አልቻልሁም።

በተከተለው ማክሰኞ መነጽሬን አድርጌ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያልፉ ያዩኛል፤ ካዩኝ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ ብዬ ነው። ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ። ወደ ማምሻው ላይ ጎረቤታችን ብቻ የተጣጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ይቺንስ ያንብቡልኝ፣ የኔታ። ሌላ ማን አለን?»

ደስ ብሎኝ ዘረጋሁት። የመድኃኒት ሳይሆን በፀሐይ የሚሞላ መብራት መመሪያ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረጎምሁላት። መብራቱን ውኃ ውስጥ እንዳትነክሪው፣ ሕፃናት እንዳይውጡት፤ ሁሉንም ነገርኋት።

ይህ ከሆነ በኋላ መታገሥ አልቻልሁም። ሌላ ማክሰኞ ባለቤቴ ከወጣች በኋላ ጥቂት ቆይቼ ተከተልኋት። የዓይን ጠብታ ያስፈልገኛል ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ካፊያ ነበረ፤ ባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረድሁ። የመድኃኒት ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሴቶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ የባለቤቴን ጀርባ ለየሁት። ዣንጥላዬን ሳላጥፍ ወደ ውስጥ አጮለቅሁና ሰውየውን ፈለግሁት።

ሰውየው አልነበረም። ነጭ ጋውን የለበሱት፣ ሻርፕ የተከናነቡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሴት ነበሩ። አነጋገራቸው የወሎ ነው፤ ለስላሳና ምርቃት የበዛበት። የሚሉትን እየሰማሁ እንኳ ዓይኔ ከኋላቸው ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቋንቋችን አንድን ሰው ስናከብረው ጾታውን እንደብቀዋለን። «እሳቸው አሉ» ሲባል ያሉት አባት ይሁኑ እናት ቃሉ አይነግረንም። ባለቤቴ የሐኪም ቤት ሰው ሁሉ ለእሷ «እሳቸው» ስለሆነ እንደ ልማዷ ተናገረች፤ ሴት ናቸው ብላ መጨመር ትዝ አላላትም። ወንድነቱን፣ ቁመቱንና ሁለቱን እስክሪብቶ የጨመርሁት እኔ ነኝ። ከላይ «ሰውየው የለበሰውን» ብዬ ራሴን ያረምሁት ለዚህ ነው።

እፎይ አልሁ። እፎይታዬ የቆየው ግን ዣንጥላዬን እስካጥፍ ድረስ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ባለሙያዋ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«የግፊት ክኒናችሁን ትውጣላችሁ ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ ሁላችሁም አዎ ነው የምትሉኝ። የማትውጡበት ቀን የትኛው ነው?»

ከዚያ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ፤ በቤት ውስጥ የማላውቀው፣ ቀለል ያለ ድምፅ ነበር።

«እኔ የቅዳሴ ቀን አልውጥም።»

«ለምን እትዬ? ለጾሙ ብለው ነው?»

«ለጾሙስ ተፈቅዶልኛል። ለሽንቱ ነው እንጂ! ክኒኑን ውጬ ከቆምሁ መካከል ላይ ይይዘኛል። ቅዳሴ አቋርጬ፣ ያን ሁሉ ሰው ረግጬ ልውጣ?»

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። «እኔም ለቅሶ ቤት ስሄድ አልውጥም!» አለች አንዷ። «እኔ ደግሞ አምበር ስሄድ! ሾፌሩን አቁምልኝ ብዬ ሜዳ ላይ ልቀመጥ?» አለች ሌላዋ። ሳቁ ጋብ ሲል ባለሙያዋ ባለቤቴን ጠየቋት፦

«ታዲያ በቅዳሴ ቀን ክኒኑን ምን ያደርጉታል?»

«እሳቸው በመዳፌ ያስቀምጡልኛል። ውኃ ሊቀዱ ዞር ሲሉ በነጠላዬ ጫፍ እቋጥረዋለሁ።»

እንደገና ሳቁ። ይህ «እሳቸው» እኔ ነበርሁ።

በጎጃም የሰንበቱ ቅዳሴ ብቻ አይደለም ያለው። ወርኃዊው በዓል አለ፤ የደብሩ ንግሥ አለ፤ በጾም ወራት በየዕለቱ ይቀደሳል፣ ባለቤቴም ከማያስቀሩት ወገን ናት። በሐሳቤ ቀኖቹን ስደምራቸው ከተዋጠው ያልተዋጠው እንዳይበልጥ ሠጋሁ። እናቷ የወደቀችበት የቁይ መንገድ፣ አይቼው የማላውቀው፣ ፊቴ ድቅን አለ።

ባለሙያዋ አልተቆጧትም። «ቅዳሴው ስንት ሰዓት ላይ ይወጣል?» አሏት። ነገረቻቸው። «እንግዲያው በዚያ ቀን ቤትዎ ሲመለሱ ሊውጡት ይቻል ይሆናል። ብቻ እስኪመሽ አያቆዩት፤ እንቅልፍ ያሳጣዎታል። ደግሞ እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ሐኪሙ ይወቀው። እስከ ዛሬ እንዲህ ሳደርግ ነበር ብለው ሳይደብቁ ይንገሩት። አለዚያ መድኃኒቱ እንቢ አለ ብሎ ሌላ ይጨምርብዎታል። እሺ እናቴ?»

«እሺ» አለች ባለቤቴ። እኔን እሺ ስትለኝ እንዲህ አትለውም።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን በተቻለኝ መጠን በትክክል ለመናገር፦ የነገሯትን ሁሉ አውቀው ነበር። ኩላሊትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሳልሁ ዘመኔን ጨርሻለሁ፤ የቅዳሴውንም ሥርዓት ከባለሙያዋ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ መልስ እሰጣት ነበር። የቀናሁት በመልሱ አይደለም፤ ጥያቄው ወደ እኔ ባለመምጣቱ ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። ይህቺ ሴት ግን የወሰደችብኝን የማስመልስበት ዳኛ በየትም የለም።

ባለሙያዋ ቀና ሲሉ አዩኝ። «አባታችን፣ ምን ልርዳዎ?»

«የዓይን ጠብታ ፈልጌ ነበር።»

«ይህ ሰዓት የእናቶች ነው፤ ጥቂት ውጭ ይጠብቁኛል?»

በትሕትና ነው ያሉት። በሩ ተዘጋ። ባለቤቴ ዞር አላለችም፤ ድምፄን ለይታው እንደሆነ ግን አላውቅም። እሷ አልለየሁትም ትላለች። ከቤት ውጭ እንድጠብቅ የተነገረኝ ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ጥፋት ሳጠፋ ብቻ ነበር። አልጠበቅሁም፤ በካፊያው በእግሬ ተመለስሁ።

ባለቤቴ ስትመጣ ገና አልመሸም ነበር። ዘንቢሏን አስቀምጣ ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ነኝ።

«የነጠላሽ ጫፍ ላይ ምን ቋጥረሻል?»

እጇ ቆመ። «መጥተው ነበር እንዴ?»

«የዓይን ጠብታ ልገዛ።»

«ዓይንዎን ያመዎታል? ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «ለዚያች ለማታውቂያት ሴት፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ስትነግሪ፣ ለእኔ ለምን?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የተቀየመች አልመሰለኝም።

«እርስዎ ‹ዋጥሽ?› ነው የሚሉኝ» አለች። «ለ‹ዋጥሽ?› ከ‹ዋጥሁ› ሌላ ምን ይባላል?»

«አልዋጥሁም ይባላል!»

«ለእርስዎ? ውኃ ቀድተው፣ ቆመው እየጠበቁኝ? አፍሬ ነዋ።» የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ያዘች። «እኔስ የማልፈራ መሰልሁዎት? እናቴን ያየሁ እኔ ነኝ። በቋጠርሁት ቁጥር እሷ ትታየኛለች። ቤተ ክርስቲያን ቆሜም እሷን ነው የማስበው።»

ዳግመኛ እዚያ አትሄጂም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ብያት ቢሆን ኖሮ እሺ ትለኝ ነበር፤ ያንን እኔ የማውቀውን «እሺ»። ከዚያ ሌላ የነጠላ ጫፍ ትፈልግ ነበር። የእናቷ ነገር ቃሉን ከከንፈሬ መለሰው።

«ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አልሁ። «ሳንደብቅ እንነግረዋለን።»

ፊቷ በራ። «እሳቸውም እንዲሁ ነው ያሉት!» አለች።

በዚያ ሁሉ ቀን የተናገርሁት መልካም ቃል እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ተቀድሟል።

ሐኪሙ ሰማን። ሌላ መድኃኒት ሊጨምር የነበረውን ተወው። በቅዳሴ ቀን ቤት ስትመለስ እንድትውጠው፣ በሌላው ቀን በማለዳው እንድትቀጥል፣ ሳይውጡ መዋል ግን እንዳይደገም ነገራት። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግፊቷ ወረደ፤ እስካሁንም እንደተገራ ነው። ሐኪሙ ግንባሩን መቋጠር ትቷል። ይህን ስጽፍ አመስጋኝ ነኝ፤ ግን ቅናቱ ከግፊቱ ጋር አብሮ አልወረደም።

አዲሱ ካርቶን ሲመጣ ከፀሐይዋ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ተስላ አገኘኋት። ባለቤቴ ባየቻት ቁጥር ለብቻዋ ትስቃለች። በሁለቱ መካከል ያለ ጨዋታ ነው፤ እኔ እዚያ የለሁበትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ቅቤዋን ተቀብታ ትሄዳለች። በራችን ላይ ወረቀት ይዞ የሚቆም የለም፤ ጎረቤታችን ብቻ አልፎ አልፎ የሬዲዮ ወይም የስልክ ወረቀት ታመጣለች፣ ሆን ብላ ይመስለኛል።

ለእኔ የቀረኝ ሥራ በቅዳሴ ቀን መጠበቅ ነው። ምእመኑ ሲወጣ ክኒኑንና የውኃውን ኩባያ ይዤ አጥሩ በር ላይ ወንበር አወጣለሁ። ከሩቅ ነጠላዋን አይቼ ከሌሎቹ እለያታለሁ። ስትደርስ ተቀምጣ ትውጣለች። ዋጥሽ ብዬ አልጠይቃትም፤ ዞርም አልልም። ባለሙያዋም በበኩላቸው በየማክሰኞው ይጠብቋታል፤ የቀረች እንደሆነ በጎረቤታችን በኩል «ምነው ደህና ናት?» ብለው ይልካሉ።

የመጨረሻው ነገር በቅርቡ የሆነ ነው። ልጃችን ባሕር ዳር ትኖራለች፤ ስለ እናቷ ግፊት ትሠጋና ትደውላለች። ባለቤቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሳሎን ነበርሁ፤ ቀኝ ጆሮዬ በግድግዳው በኩል ሆኗል፤ ሆን ብዬ ይሁን አጋጣሚ አሁን ለመወሰን ይቸግረኛል። እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«አትጨነቂ ልጄ። እሳቸው ይጠብቁኛል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ዓረፍተ ነገሩን በቅኔ ቤት በተማርሁት መንገድ መርምሬዋለሁ። «ይጠብቁኛል» ማለት እስክመጣ ይቆዩኛል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በአጥሩ በር ላይ ወንበር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ግን ባለሙያዋም በማክሰኞው ይቆዩአታል። ይንከባከቡኛል፣ ከክፉ ይሰውሩኛል ማለትም ይሆናል፤ ይህ ወደ ማን እንደሚያደላ ለመናገር እፈራለሁ። ለልጃችን ስለ እኔ ስትነግራት ብዙ ጊዜ «አባትሽ» ነው የምትለው፤ ይህ ይጎዳኛል። ልቧ ሲነካ ግን «እሳቸው» ማለቷን በርካታ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ይህ ይጠቅመኛል። የዕለቱን ቀን ባስታውስ ይረዳኝ ነበር፤ ማክሰኞ ይሁን የቅዳሴ ቀን ግን አልያዝሁትም።

ልጃችንን ጠየቅኋት። «አባዬ፣ እማዬ እኮ በስልክ ብዙ ነገር ነው የምታወራው፤ የቱን ልያዘው?» አለችኝ። ጎረቤታችንን ብጠይቃት የሚያናድደኝን መርጣ እንደምትነግረኝ አውቃለሁ። ባለቤቴን ራሷን አልጠየቅኋትም። «እሳቸው ያልሽው እኔን ነው?» ብላት «አዎ፣ እርስዎን ነው» ትለኛለች፤ «ዋጥሽ?» ስላት «ዋጥሁ» ትለኝ እንደነበረው። በሌላ መንገድ የምጠይቅበትን ቃል እስካሁን አላገኘሁም፤ ስለዚህ ይህ ነጥብ አልተረጋገጠም።